ሲ ሞልቷል፣ ዲ ባዶ ነው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ነገራቸው አንድ ነው። የኮምፒውተሩ ቦታ ሞላ፣ ፋይሉን ወዴት ላሻግረው? ከኮየ ፈጬ፣ ከአያት፣ ከለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ... ከመሀል ከተማ የመጣ የለም ማለት ይቻላል። ይገባኛል። ፒያሳ ያለ ሰው ኮምፒውተሩን አንጠልጥሎ አንዱ ሱቅ ብቅ ይላል። ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ዴስክቶፕ ተሸክሞ ወርዶ፣ ሰልፍ ጠብቆ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሮ መርካቶ መድረስ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ ሰዉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱ ይሞክራል። ይሞክር፣ ጥሩ ነው። ብቻ ከት የምትባለዋን ነገር (ፋይሉን ከነበረበት አንስቶ ሌላ ቦታ የምታስቀምጠዋን) ለጊዜው እንተዋት። ለምን እንደሆነ ከታች ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቤት ያለው ዴስክቶፕ ሲ ድራይቩ ቀይ ሆኖ 2 ጊጋ ብቻ ነው የቀረው። ዲ ላይ ግን ከ300 ጊጋ በላይ ባዶ አለ። ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ገብቼ ትልልቆቹን ፎልደሮች ከት አድርጌ ዲ ላይ ፔስት አደረግኳቸው። አሁን የልጆቹ ጌምም፣ እኔ የምሠራበት ፕሮግራምም አልከፍት አለ። ፎርማት ላስደርገው? (የሁለት ልጆች አባት፣ ከኮየ ፈጬ)

መልስ፦ ፎርማት አያስደርጉ! እኛ አገር ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ሆኖ ቀርቷል፣ የእርስዎ ግን እዚያ የሚያደርስ አይደለም። ያነሷቸውን ፎልደሮች ስማቸውን ሳይቀይሩ ከነበሩበት ቦታ ይመልሷቸው። አብዛኛው ፕሮግራም ያኔውኑ ይከፈታል።

ፕሮግራም እንደ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ ነገር አይደለም። ሲጫን ፎልደር ብቻ አይፈጥርም። ዊንዶውስ ሬጅስትሪ የሚባል መዝገብ አለው፣ ፕሮግራሙ አድራሻውን እዚያ ያስመዘግባል፤ ዴስክቶፕ ላይ ያለችው ምልክትም የምታውቀው ያንኑ አድራሻ ነው። እርስዎ ፎልደሩን ሲወስዱት መዝገቡ የድሮውን እንደያዘ ቀረ። ፕሮግራም ዲ ላይ እንዲሆን ከፈለጉ ሴቲንግስ ውስጥ አፕስ የሚለው ጋ ገብተው አንኢንስቶል ያድርጉት፣ ከዚያ እንደገና ሲጭኑት የት ላስቀምጠው ብሎ ሲጠይቅዎት ዲን ይምረጡ። ሁሉም አይጠይቅም፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ሲ ላይ ይጫናል። እዚያው የአፕስ ዝርዝር ላይ ሙቭ የሚል ምርጫ ያላቸው ደግሞ አሉ፣ በተለይ ከማይክሮሶፍት ስቶር የወረዱት። እነሱን ዊንዶውስ ራሱ አዛውሮ መዝገቡንም ያስተካክላል። ዊንዶውስ የሚለውን ፎልደር ግን ቢሞቱ እንዳይነኩት።

ደግሞ ሲን የሞላው ፕሮግራም አይመስለኝም። ቴሌግራም ኮምፒውተርዎ ላይ አለ? ካለ መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ። ቴሌግራም የሚያወርደውን ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ በራሱ ስም ፎልደር ከፍቶ ያከማቻል፤ ከዚያ ሌላ ደግሞ እርስዎ ያላወረዱትን፣ ግሩፕ ላይ እያለፉ ብቻ ያዩትን ፎቶና ቪዲዮ በድብቅ ያስቀምጣል። ሁለቱም ሲ ላይ ናቸው። ቴሌግራሙ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ይግቡ። ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ የሚለው ላይ የተጠራቀመውን ያጸዱታል፣ መልእክትዎ አይጠፋም። እዚያው ዳውንሎድ ፓዝ የሚለውን ደግሞ ዲ ላይ ወዳለ ፎልደር ያዙሩት። ከዛሬ ጀምሮ የሚወርደው ወደዚያ ይሄዳል።

ቀጥሎ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ። ምን ስንት እንደያዘ እየለየ ያሳይዎታል። ቴምፖራሪ ፋይልስ የሚለውን ከፍተው የማይፈልጉትን ይጥረጉ። ዊንዶውስ በቅርቡ ወደ አዲስ ዓይነት ከተቀየረ የድሮው እዚያው ተቀምጦ ከ10 ጊጋ በላይ ሊይዝ ይችላል፣ እሱም እዚሁ ዝርዝር ላይ ይገኛል። ግን ዝርዝሩ ውስጥ ዳውንሎድስ የሚልም አለ። እሱ ላይ ምልክት እንዳያደርጉ፣ ያወረዱት ሁሉ ይጠፋል። ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ያድርጉት። ከሲ ያጠፉት ነገር እዚያ እስካለ ድረስ ቦታው አልተለቀቀም።

የቀረው የቤተሰቡ ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ ነው። እሱ ያለምንም ችግር ይዛወራል፣ አንድ በአንድ መጎተትም አያስፈልግም። ዲ ላይ መጀመሪያ ባዶ ፎልደር ይፍጠሩ፣ ፎቶ ብለው። ከዚያ ፒክቸርስ የሚለው ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን። እዚያ ሙቭ የሚል አለ፣ የፈጠሩትን ፎልደር ያሳዩት። የድሮዎቹን ፎቶዎች ላዛውራቸው ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል፣ አዎ ይበሉት። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ፒክቸርስ ላይ ያስቀመጡት ሁሉ በቀጥታ ዲ ላይ ይቀመጣል። ዶክመንትስና ቪዲዮስም እንደዚሁ ናቸው። አዲስ ፎልደር ሳይፈጥሩ ዲን ራሱን እንዳይመርጡ ግን አደራ፣ የዲ ዕቃ ሁሉ ከዶክመንትስ ጋር ይደባለቅና መለየቱ ራስ ምታት ነው።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ዲ ሌላ ዲስክ ነው ብለው ነው የሚያስቡት? ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ዲስክ ማኔጅመንትን ይክፈቱ። ሲና ዲ አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ያለዎት ዲስክ አንድ ነው፣ ሱቅ ላይ ለሁለት ከፍለውት ነው። እኛ ጋ አብዛኛው ኮምፒውተር እንደዚህ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ከሲ ወደ ዲ ማዛወር ቦታ ያስለቅቃል እንጂ ፎቶውን ከአደጋ አያድነውም። ዲስኩ የተበላሸ ቀን ሲም ዲም አብረው ነው የሚሄዱት። የልጆቹ ፎቶ ሌላ ዲስክ ላይ አንድ ቅጂ ይኑረው።

ጥያቄ፦ አንድ ማተሚያ ቤት ሄጄ አሳይመንቴን ፕሪንት ካደረግኩ በኋላ ፍላሼ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነ። ስከፍተው አይከፈትም። ነገ ማስረከብ አለብኝ። (ተማሪ፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ አይዞህ፣ ፋይልህ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። ይሄ ቫይረስ የቆየ ነው፣ እውነተኛውን ፋይል ይደብቅና በቦታው የራሱን ሾርትከት ያስቀምጣል። አንተ ስትጫነው ኮምፒውተርህም ይያዛል። ስለዚህ አንዱንም አትጫን። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ስካን አድርገው፣ ከዚያ ፍላሹን። ቀጥሎ ማንኛውንም ፎልደር ከፍተህ የፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ ቪው የሚለው ጋ ግባ። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጥ፣ የዊንዶውስን ጥብቅ ፋይሎች ደብቅ ከሚለው ላይ ደግሞ ምልክቱን አንሳ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ አንዱን ብቻ ካደረግክ ላይታይህ ይችላል። አሁን ፈዘዝ ያሉ ፎልደሮች ብቅ ይላሉ። አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ነው ሁሉን የሚያጉረው፣ እሱንም ክፈተው። ሰነዶችህን ብቻ ኮምፒውተርህ ላይ ኮፒ አድርግ፣ የማታውቀውን አትንካ። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርገው፤ ይሄኛው ፎርማት የሚገባው ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ፍላሽ ሌላ ምንም የሌለበት ይሁን፣ ወይም ፋይሉን በቴሌግራም ላክላቸው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የድሮ ካሴቶቼን ወደ ኮምፒውተር አስገልብጬ ነበር፣ 60 ጊጋ ገደማ ነው። ከዴስክቶፑ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ከት አድርጌ እያዛወርኩ ሳለ መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሆኖ አገኘሁት። አንዳንዱ ይታያል እንጂ አይጫወትም። እንደገና ስጀምር ደግሞ ሪፕሌስ ወይስ ስኪፕ እያለ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው? (ከሰበታ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ሪፕሌስ ይበሉት። ምክንያቱን ልንገርዎት። ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ሲያዛውሩ ከት የሚባለው በእውነቱ ሁለት ሥራ ነው፣ መጀመሪያ ይገለብጣል፣ ከዚያ የገለበጠውን ከመነሻው ያጠፋል። እዚያው አንድ ድራይቭ ውስጥ ከፎልደር ወደ ፎልደር ሲሆን ግን ዕቃው ንቅንቅ አይልም፣ አድራሻው ብቻ ይቀየራል፤ ለዚህ ነው 60 ጊጋ በሰከንድ የሚያልቀው። የእርስዎ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። እንግዲህ ኮምፒውተሩ በሁለቱም ቦታ አለ ብሎ የሚጠይቅዎት ፋይል ዴስክቶፑ ላይ ገና ያልጠፋው ነው። ያልጠፋው መገልበጡ ስላላለቀ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ያለው ሙሉ ነው፣ ኤክስተርናሉ ላይ ያለው ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሙሉው ጎዶሎውን ይተካ።

የሚያሳስበኝ ዴስክቶፑ ላይ የሌለው፣ ኤክስተርናሉ ላይ ያለው፣ ግን የማይጫወተው ነው። ይሄ እንዴት ይሆናል ቢሉ፣ ኮምፒውተሩ ጨረስኩ ያለው ፋይል ዲስኩ ላይ ሳይጻፍ ለጥቂት ጊዜ የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ (ራም) ላይ ሊቆይ ይችላል። በዚያች መሀል መብራት ከሄደ መጠኑ ይታያል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። እንደዚህ ዓይነት ካገኙ ዴስክቶፑ ላይ አሁን ምንም አይጻፉበት። አዲስ ነገር አያውርዱ፣ ፕሮግራም አይጫኑበት። የጠፋ ፋይል ቦታው ክፍት ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ሬኩቫን የመሰለ መልሶ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፣ በነፃ ይገኛል፤ እሱን ራሱን ግን ሌላ ድራይቭ ወይም ፍላሽ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፣ የሚያወጣውንም ወደ ሌላ ዲስክ ነው የሚልኩት። ይሄ ሁሉ የሚሠራው የዴስክቶፕዎ ዲስክ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣኑ ዓይነት) ከሆነ ተስፋው የመነመነ ነው፣ ኤስኤስዲ ላይ የጠፋን ነገር ሲስተሙ ቶሎ ጠርጎ ያጸዳዋል።

ካሴቶቹ ራሳቸው ካሉ ግን አይጣሉ። አስገለበጥኩ ብሎ ካሴቱን የሚጥል ሰው በጣም ብዙ ነው።

አሁን ለሁላችሁም። ከት የምትባለዋን እንተዋት ያልኩት ለዚህ ነው። ኮፒ አድርጉ፣ አረጋግጡ፣ ከዚያ አጥፉ። በኮፒ ጊዜ መብራት ቢሄድ መነሻው እንዳለ ነው፣ የምታጡት ጊዜ ብቻ ነው። ኮፒ እያደረጋችሁ ከተቋረጠባችሁ መድረሻው ላይ ዴት ክሪኤትድ በሚለው ደርድሩት። የተገለበጠ ፋይል እዚያ ላይ የሚያሳየው የተገለበጠበትን ሰዓት ነው። መብራት ከመሄዱ በፊት በመጨረሻ የገቡትን ጥቂት ፋይሎች ከመድረሻው አጥፏቸውና እንደገና ጀምሩ። አሁን ሲጠይቃችሁ ስኪፕ በሉት። እነዚያን ሳታጠፉ ስኪፕ ካላችሁት ግን ጎዶሎውን ፋይል ሙሉ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ማረጋገጥ ማለት ደግሞ ፎልደሩ መኖሩን ማየት አይደለም። መነሻው ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፤ መድረሻውም ላይ እንደዚሁ። የፋይሉ ብዛትና ሳይዝ የሚለው ቁጥር እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ መሆን አለበት። ከሥሩ ሳይዝ ኦን ዲስክ የሚል ሌላ ቁጥር አለ፣ እሱ ቢለያይ አትደንግጡ፣ ሁለት ዲስኮች ቦታ የሚሸነሽኑበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ከዚያ ከመሀል አንዳንድ ፋይል እየከፈቱ ማየት፣ ቪዲዮ ከሆነ ወደ መጨረሻው ገፍቶ ማየት። ይሄ ሁሉ የሚሰለቸው ቴራኮፒ የሚባለውን ፕሮግራም ይጫን። ከገለበጠ በኋላ ቬሪፋይ ብላችሁት ሁለቱን እያነጻጸረ የተሳሳተውን ይነግራችኋል።

መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ (የማይሄድበት ካለ ጻፉልኝ) ትልቁን ሥራ ላፕቶፕ ላይ ሥሩት፣ ባትሪው ይሸከመዋል። ግን ኤክስተርናሉን አስተውሉ። ትንሹ፣ ኪስ የሚገባው፣ ኃይሉን ከላፕቶፑ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ አብሮ ይተርፋል። ትልቁ፣ የራሱ የግድግዳ ቻርጀር ያለው፣ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ቢበራም እሱ ይጠፋል። ዴስክቶፕ ያለው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ቢኖረው እሰየው፣ ከሌለው በአንዴ 60 ጊጋ አይልቀቀው፣ ፎልደር በፎልደር ይሂድ። ላፕቶፑ ደግሞ መሀል ላይ ስሊፕ እንዳያደርግ ከፓወር ሴቲንግ ኔቨር በሉት። ጋሼ፣ ለእርስዎ ደግሞ ኤክስተርናሉ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ። መብራት የተቋረጠበት ዲስክ አንዴ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ የሰርጌ ቪዲዮ 11 ጊጋ ነው፣ አንድ ፋይል። ለእናቴ በቲቪ እንድታየው 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ ልጭንላት ብል ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው ይለኛል። ፍላሹ እኮ ባዶ ነው! (ሙሽራ፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ፍላሽሽ ደህና ነው። ችግሩ የተደራጀበት መንገድ ነው፣ ፋት 32 ይባላል። ከ1990ዎቹ የመጣ ነገር ነው (በፈረንጆቹ)፣ ያኔ የአንድ ፋይል ጣሪያ 4 ጊጋ መሆኑ ማንንም አያሳስብም ነበር። 32 ጊጋና ከዚያ በታች የሆኑ ፍላሾች በአብዛኛው እንደዚያ ሆነው ነው የሚመጡት። ዘጠኝ ባለ ሦስት ጊጋ ፋይል ይችላል፣ አንድ ባለ 11 አይችልም።

ፍላሹ ላይ ያለውን ወደ ኮምፒውተር አውጪና ራይት ክሊክ፣ ፎርማት በይው። ፋይል ሲስተም ከሚለው ኤክስፋት ምረጪ። ፎርማት ሁሉን እንደሚያጠፋ አትርሺ፣ የምትጫኚው የፍላሹን ስም መሆኑንም ሁለቴ አይተሽ ነው። ከዚያ ቪዲዮው ይገባል።

የእናትሽ ቲቪ ግን ኤክስፋት ላያነብ ይችላል፣ ከቆዩት ቲቪዎች አንዳንዶቹ ፋት 32 ብቻ ነው የሚያውቁት። ሞክሪው፣ ካላነበበ ከዚያው ዝርዝር ኤንቲኤፍኤስ የሚለውን አድርገሽ ሞክሪ። እሱም ካልሆነ ፍላሹን ወደ ፋት 32 መልሺና ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቪዲዮውን ከ4 ጊጋ በታች አድርገሽ አሳንሺው። ለቲቪ ጥራቱ ይበቃል። ዋናውን የ11 ጊጋውን ግን እንዳታጠፊው። ቪዲዮ ቤቶች ዋናውን ለዘላለም አያስቀምጡም። ዛሬውኑ ሌላ ዲስክ ላይ አንድ ቅጂ፣ ከተቻለ ደግሞ ሌላ ሰው ቤት አንድ ቅጂ።

ጥያቄ፦ ባለ 2 ቴራ ፍላሽ በርካሽ ገዛሁ። ሁሉን ገለበጥኩበት፣ ከላፕቶፔም አጠፋሁ። አሁን የመጀመሪያዎቹ ይከፈታሉ፣ የኋለኞቹ ግን ተበላሽተዋል። (ከአያት)

መልስ፦ ፍላሹ ሐሰተኛ ነው። ውስጡ ያለው እውነተኛ ቦታ ምናልባት 32 ወይም 64 ጊጋ ነው፣ 2 ቴራ ነኝ ብሎ እንዲናገር ነው ያስተማሩት። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ እምቢ አይልም፣ የጻፈ መስሎ ይቀጥላል። ስሙ ብቻ ይታያል። ፍላሹ ላይ የተበላሹትን ማዳን አይቻልም፣ ከመጀመሪያውም አልተጻፉም። ላፕቶፑ ላይ የጠፉትን ግን ሪሳይክል ቢን እይ፣ ከዚያ ከላይ ለሰበታው ጋሼ የጻፍኩትን አንብብ፣ እስኪያልቅ ድረስም ላፕቶፑ ላይ ምንም አታስቀምጥ። ከእንግዲህ ፍላሽም ሆነ ሜሞሪ ስትገዛ ምንም ነገር ሳታስቀምጥበት ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሞላው። እስከ ጫፉ ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ እውነተኛውን ቁጥር ይነግርሃል። ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል፣ ማታ ለቅቀኸው ተኛ። ሻጩ ጋ መልሰህ ስትሄድ የምታሳየው ማስረጃም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ 1 ቴራ ዲስክ ገዝቼ ኮምፒውተሩ 931 ጊጋ ነው ይላል። ተሸወድኩ? (ከየካ አባዶ)

መልስ፦ አልተሸወድክም። ፋብሪካው በ1000 ነው የሚቆጥረው፣ ዊንዶውስ በ1024። ዲስኩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ የቆየ ዴስክቶፕ ነበረን፣ አንድ ቀን አልበራ አለ። የአባቴ ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ናቸው፣ አባቴ አሁን የለም። ወደ ላፕቶፕ ማውጣት ይቻላል? (ከቡራዩ)

መልስ፦ ነፍስ ይማር። አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ጭራሽ የማይበራ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ የተቃጠለበት ፓወር ሰፕላዩ ወይም ማዘርቦርዱ ነው፣ ዲስኩ ምንም ላይሆን ይችላል። ከግድግዳው ሶኬት ነቅለሽ ሳጥኑን ክፈቺ፣ ዲስኩን የያዙትን ብሎኖች ፍቺ፣ ሁለቱን ገመድ ንቀይ። ኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዲስክን በዩኤስቢ የሚያገናኝ ገመድ አላቸው። ዲስኩን ይዘሽ ሂጂ፣ አፉን አይተው ይስጡሽ። የዴስክቶፕ ዲስክ ትልቁ ነው፣ በዩኤስቢ ኃይል ብቻ አይነሳም፣ ስለዚህ የራሱ ባለ 12 ቮልት ቻርጀር ያለውን ነው የምትገዢው። የላፕቶፑ ትንሽ ዲስክ ቢሆን ገመዱ ብቻ ይበቃ ነበር።

ስትሰኪው ጠረጴዛ ላይ ዝርግ አድርገሽ አስቀምጪው፣ እየሠራ ሳለ አታንቀሳቅሺው። ቀ፣ ቀ፣ ቀ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው ንቀይው። ያ ድምፅ የውስጡ ማንበቢያ እንደታመመ ነው የሚናገረው፣ እየደጋገምሽ በሞከርሽ ቁጥር የቀረውንም ይጨርሰዋል። እዚያ ላይ ከተበላሸ ዲስክ ፋይል ለሚያወጡ ባለሙያዎች መተው ነው። ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ ግን ቀጥዪ። ላፕቶፑ ዲስኩን ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል፣ ካንስል በዪው።

ፎቶዎቹ ብዙውን ጊዜ ያሉት ዩዘርስ በሚለው ውስጥ በአባትሽ ስም ፎልደር ነው። ስትከፍቺው አልተፈቀደልሽም ይልሻል። አትደንግጪ፣ የድሮው ዊንዶውስ ሌላ ባለቤት ነው የሚያውቀው። ኮንቲንዩ ስትዪው ፈቃዱን ወደ አንቺ ያዞረዋል፣ ፋይሉ ብዙ ከሆነ ቆይታ አለው። መልሱ ፈቃድ ሳይሆን የሪከቨሪ ቁልፍ አምጪ ካለሽ ግን ዲስኩ ተቆልፏል ማለት ነው፣ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ያስፈልጋል። በቆየ ዴስክቶፕ ላይ ይሄ ብዙም አያጋጥምም። ካጋጠመሽ ቁልፉን በአባትሽ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ወይም በወረቀቶቻቸው መሀል ፈልጊ።

ኮፒ ነው እንጂ ከት አይደለም፣ አንቺ ላይማ በተለይ። ካወጣሽ በኋላም ያንን ዲስክ አትሽጪው፣ ለሌላ ሥራም አታውዪው። በጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ 100 ጊጋ ፎቶና ቪዲዮ ወደ ኤክስተርናል ሳዛውር ሦስት ሰዓት ይፈጃል ይላል። ጓደኛዬ ጋ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ኤክስተርናሉ አንድ ዓይነት ነው። (ከጀሞ)

መልስ፦ የምትሰኪበትን ቀዳዳ እዪው። ላፕቶፕሽ ላይ ውስጡ ሰማያዊ የሆነ ካለ እሱ ዩኤስቢ 3 ነው፣ ጥቁሩ ወይም ነጩ ብዙውን ጊዜ ዩኤስቢ 2። ሁሉም ፋብሪካ ቀለሙን አይከተልም፣ ግን መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። በዩኤስቢ 2 በተግባር በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋ ብታገኚ ነው፣ 100 ጊጋ ወደ 50 ደቂቃ ይወስዳል። በዩኤስቢ 3 የሚሽከረከር ኤክስተርናል 100 ሜጋና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ያ የጓደኛሽ ሃያ ደቂቃ ነው። ገመዱም ቢሆን የራሱ ይሁን፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ አንዳንዴ ፍጥነቱን ወደ 2 ያወርደዋል።

ሦስት ሰዓት ያለሽ ግን ቀዳዳው ብቻ አይመስለኝም። ዋትስአፕ ፎልደር አለበት አይደል? ሺ ትንንሽ ፋይል ከአንድ ትልቅ ቪዲዮ ይበልጥ ይዘገያል፣ እያንዳንዷን ፈልጎ፣ ከፍቶ፣ መዝግቦ፣ ዘግቶ ነው የሚያልፈው። ትንንሾቹን በዚፕ አንድ ላይ እሠሪያቸውና እሱን ኮፒ አድርጊው። ሲያልቅ ከታች ካለችው ምልክት ኢጀክት ብለሽ፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ስታቆም ንቀይው።